ስሟ ውስጥ ወባ የለችም

አክስቴ የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ማበጥ ከጀመረ ዓመት አልፎት ነበር። ጠዋት ጠዋት እጃቸው አልታዘዝ እያላቸው ሲኒ ማንሳት ያቅታቸዋል። ከጉንጭ ጉንጭ አፍንጫቸውን ተሻግሮ ቀይ ሽፍታ ወጣባቸው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሐኪሙ «ሉፐስ ነው» አሏቸውና ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባል ክኒን አዘዙላቸው። በሳምንቱ ልጠይቃቸው ብሄድ ክኒኑ ከነማሸጊያው መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። አንዷን እንኳ አልዋጡም።

«ልጄ፣ ተሳስተው ነው የሰጡኝ» አሉኝ። «የጎረቤት ልጅ ወረቀቱን አነበበልኝ። የወባ መድኃኒት ነው። እኔ ደጋ ተወልጄ ደጋ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ወባ ከየት ታገኘኛለች?»

በዚያች ቀን ስለ ሕክምናው ልመልስላቸው የምችለው ጥቂት ነበር። ስለ ቃሉ ግን ብዙ አሰብኩ። አክስቴን ከመድኃኒታቸው የለያቸው በሽታ ወይም ገንዘብ አይደለም፤ «የ» የምትባል አንዲት ፊደል ናት።

«የወባ መድኃኒት» ስንል «የ» የባለቤትነት ምልክት ናት። የጎረቤት በሬ፣ የአባቴ ቤት፣ የወባ መድኃኒት። ሰዋስዋችን መድኃኒቱን ለበሽታው በርስትነት ይሰጠዋል፤ ወባ የሌለበት ሰው ያንን ክኒን ከዋጠ የሰው ንብረት የነካ ይመስለዋል። የሚገርመው፣ ይህችው «የ» ሥራዋ አንድ ዓይነት እንኳ አይደለም። የራስ ምታት መድኃኒት ራስን ያድናል፤ የአይጥ መድኃኒት ደግሞ አይጥን ይገድላል። ቅርጹ አንድ ነው፣ ውጤቱ ሕይወትና ሞት።

ጉዳዩ ከራሱ «መድኃኒት» ከሚለው ቃል ይጀምራል። ሥሩ የግእዙ «ድኅነ» ነው፤ ዳነ፣ ከጥፋት ተረፈ ማለት። ከዚያው ሥር መድኃኔዓለም ወጥቷል፣ መዳንና ድነት ወጥተዋል። በትርጉሙ ነፍስንም ሥጋንም የሚያተርፍ ነገር ነው። በአፍ ግን «መድኃኒት አበሉት» ሲባል የሰማ ሰው ሕክምና አደረጉለት ብሎ አይረዳም፤ መርዝ ወይም አስማት መሆኑን ያውቃል። የግእዙ «ሥራይ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ከእሱ መሠርይ የሚባለው አስማተኛ ወጥቷል፤ ሐኪሙም ዐቃቤ ሥራይ ይባል ነበር፣ የሥራይ ጠባቂ። የጥንት ሰዎች መድኃኒትና መርዝ አንድ ዕቃ ውስጥ እንደሚቀመጡ፣ የሚለያቸውም መጠኑ፣ ሁኔታውና የሚሰጠው እጅ መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል። ይህን ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

መድኃኒትን በበሽታው ስም መጥራት አንዳንዴ በጣም ይገፋል። የኛ ኮሶ ከዚያ አልፎ ሄዷል። ኮሶ በደጋ ተራሮች ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ የሴቴው ዛፍ ቀያይ አበባ ደርቆ ይወቀጥና ለሆድ ትል ይጠጣል። ትሉ ግን የራሱን ስም ይዞ አልቀረም፤ የኮሶ ትል ተባለ፣ ከዚያም ኮሶ ብቻ። ዛሬ «ኮሶ ጠጣ» ሲባል መድኃኒቱ ነው፣ «ኮሶ አለበት» ሲባል ግን ትሉ ነው። ባላጋራው የተዋጊውን ስም ወረሰ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ጉዞው ተመልሶ ስለ ዛፉ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዘመንም አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ። እዚያም በ1820ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቁስጥንጥንያ ይሠራ በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራየር ስም «ብራዬራ አንትሄልሚንቲካ» ተባለ፤ ሁለተኛው ቃል «ፀረ ትል» ማለት ነው። ዛሬ ሳይንሱ የሚጠራው «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ነው፤ ትሉ ከስሙ ወጥቶ አገሩ ቀርቶለታል። ቃሉ ወደ ስድብም ወርዷል። የኋላውን ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ገና ካሳ እያሉ፣ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር የታወቀ ነው። ሕዝብን ሁሉ ያሻረ አበባ ሻጩን አላስከበረም፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ቃሎች ግን በአንድ ቦታ ታስረው የማይቀሩበትም ጊዜ አለ። ለበሽታ አምጪ የምንለው «ተውሳክ» ጥሩ ምስክር ነው። ሥሩ «ወሰከ»፣ ጨመረ ማለት ነው፤ ተውሳክ ጭማሪ ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትን ቀን በሚያወጣው የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የእሑድ 7፣ እንዲህ እየወረደ የዓርብ 2 ይሆናል፤ መባጃ ሐመርን ለማግኘት በመጥቅዕ ላይ የሚደመር ቁጥር ነው። ሰዋስው ጸሐፊዎች ደግሞ በግሥ ላይ ተጨምሮ ሁኔታውን የሚገልጸውን ቃል ተውሳከ ግሥ አሉት። ሐኪሞቹ ሲመጡ በሰውነት ላይ የተጨመረውን፣ ያልተጠራውን እንግዳ በዚሁ ቃል ጠሩት። ፋሲካን የሚያወጣ ቃል ትልና ጀርም ሲሸከም ማንም አልተቃወመም፤ ማንም «ይህ የካህናት ቃል ነው» ብሎ መደርደሪያ ላይ አላስቀመጠውም። ለቃል የፈቀድነውን ለክኒን የከለከልነው ለምን ይሆን?

ክኒን ራሱ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ታሪክ አለው።

በአማርኛ ክኒን ማንኛውም የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ለራስ ምታት፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር። ቃሉ ግን በመጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ስም ነበር፤ ያም ኩዊኒን፣ የወባው። ፈረንሳዮች ኪኒን ይሉታል፣ ጣሊያኖች ኪኒኖ፣ ዐረቦችም ኪኒን። ሰዎች በእጃቸው ያዩት የመጀመሪያው ትንሽ፣ ነጭ፣ መራራ የፈረንጅ መድኃኒት ስሙን ለወንድሞቹ ሁሉ አወረሰ። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ፣ ለወባ ተብሎ የመጣን መድኃኒት ስም ለሌላ በሽታ ሁሉ ማዋል ከጀመረ ቆይቷል። አክስቴም «የደም ግፊት ክኒኔ» ሲሉ ሳያውቁት ያንን አድርገዋል።

ወደ ኋላ ስንሄድ ስሙ ወደ አንዲስ ተራሮች ይወስደናል። በኬችዋ ቋንቋ «ኪና» ቅርፊት ማለት ነው፤ «ኪና ኪና» ደግሞ የቅርፊት ቅርፊት፣ ፍቱን ቅርፊት። ጥቂት የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ይህ ስም በመጀመሪያ የሌላ ዛፍ ነበር፣ የበለሳን ዛፍ፤ ነጋዴዎች የሁለቱን ቅርፊት ሲያቀላቅሉ ስሙ ኩዊኒን ወደሚገኝበት ዛፍ ተሻገረ። ያ ከሆነ፣ ኩዊኒን ገና ከመወለዱ በፊት ስሙ በሰው ቤት ያደረ ነው። እኛም ቅርፊትን የመድኃኒትና የቅመም ስም በማድረግ አንታማም። ግእዙ «ቀረፈ» ላጠ፣ ልጡን ገፈፈ ነው፤ ዐረብኛው «ቂርፋ»ም ቅርፊት ነው፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቀረፋ ከዚያ መጣ። የቀረፋ ሻይ የሚጠጣ ሰው የቅርፊት ሻይ እየጠጣ ነው።

ኢየሱሳውያን ቅርፊቱን በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ አሻገሩት። የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1742 ዛፉን «ሲንኮና» ሲለው አንዲት የቺንቾን ሴት መስፍን በዚህ ቅርፊት ከትኩሳት ድነዋል የሚለውን ወሬ አምኖ ነበር፤ ወሬው እውነት አልነበረም፣ ስማቸውንም ሲጽፍ አንድ ፊደል ጎደለበት። ይሁንና ስህተቱ ጸንቶ ቀረ። በ1820 ፔሌቲየርና ካቫንቱ በፓሪስ ከቅርፊቱ ውስጥ መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው ኩዊኒን አሉት። ይህን ሁሉ ጊዜ ቅርፊቱ ፀረ ተውሳክ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። የጣሊያንኛው ማላሪያ «ክፉ አየር» ማለት ነው፤ በሽታው ከረግረግ ሽታ ይመጣል ይባል ነበር። እኛም ንዳድ ስንለው የምንናገረው ስለሚነደው ገላ እንጂ ስለ መንስኤው አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በአልጄሪያ፣ በቆስጠንጢን ከተማ፣ ተውሳኩን በደም ውስጥ ያየው በ1880 ነው። ከዚያ በፊት ለሁለት መቶ ዓመታት ሰዎች ያልታየ ጠላትን በማያውቁት መሣሪያ ሲዋጉ ኖረዋል። «ፀረ ወባ» የሚለው ማዕረግ ለኩዊኒን እንኳ ዘግይቶ የመጣ ነው።

አንድ መድኃኒት ከመጀመሪያ ቤቱ ስለመውጣቱ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የምወደው የአንድ ነጋዴን ታሪክ ነው። በ1912 አንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ ካረል ፍሬዴሪክ ቬንከባህ ወደሚባለው የልብ ሐኪም መጣ። የልቡ ምት በድንገት ይዘበራረቃል፤ ዛሬ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የምንለው ነው። ሐኪሙ ሕመሙ አደገኛ እንዳልሆነ ነግሮ ሊያጽናናው ሞከረ። ነጋዴው ግን ሁሉ በሥርዓት እንዲሄድ የለመደ ሰው ስለነበር አልረካም፤ ልቤን ማስተካከል ካልቻላችሁ የልብ ሐኪም መባላችሁ ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ራሴ ላስተካክለው እችላለሁም አለ። ቬንከባህ አላመነውም። በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው ምቱ ተስተካክሎ መጣ። ወባ ባለበት አገር ኖሯል፣ ኩዊኒን መዋጥ ለምዷል፤ አንድ ግራም ሲወስድ በሃያና በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ የልቡ ምት ወደ ቦታው እንደሚመለስ በራሱ ላይ አይቷል።

ይህ ሰው ለእኔ ትልቅ ሰው ነው፤ ስሙም አልቀረልንም። «የወባ ክኒን» የምትለዋ «የ» አላሰረችውም። ቬንከባህንም አከብረዋለሁ፤ ሐኪም ሆኖ ከበሽተኛው ተምሯልና። በ1914 ባሳተመው መጽሐፉ ታሪኩን ጻፈው፣ ምስጋናውንም ለነጋዴው ሰጠ። በእርግጥ የፈረንሳይ ንጉሥ ሐኪም ዣን ባፕቲስት ደ ሴናክ በ1749 ቅርፊቱ የልብ ትርታን እንደሚያበርድ ጽፎ ነበር፤ ግን ተረስቶ ነበር። ኩዊኒን ሁሉንም ሰው አላዳነም። ስለዚህ ቫልተር ፍራይ በ1918 የቅርፊቱን ዘመዶች አነጻጽሮ ኩዊኒዲን የሚባለው ከሁሉ እንደሚበልጥ አሳየ። ኩዊኒዲን የኩዊኒን መንትያ ነው፤ አተሞቹ አንድ ናቸው፣ በአቀማመጣቸው ብቻ ይለያሉ። ስሙን የሰጠው ፓስተር ነው፣ በ1853፤ የስሙ ሥርም ያው ቅርፊት ነው።

የሚቀጥለው ደግሞ ቃል አጥኚን የሚያስደስት ነው። ኩዊኒዲን የልብ መድኃኒት ሆኖ ለብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ጽኑ ወባ የያዘው ሰው ሲመጣ በደም ሥር የሚሰጠው እሱው ነበር፤ ኩዊኒን በዚያ መልክ አይገኝም ነበርና። የወባው የልብ ሆነ፣ የልቡ ተመልሶ የወባ። አምራቹ በ2019 ማቅረቡን እስኪተው ድረስ ይህ ቆየ፤ ከዚያ ቦታውን አርቴሱኔት ወሰደ።

አሁን ወደ አክስቴ ክኒን። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚለው ስም ረጅም ነው፤ ሲፈታ ግን ሁሉም ቁራጭ የታወቀ ሰው ነው። «ሃይድሮ» በግሪክ ውኃ ነው። «ኦክሲ» ስለታም፣ ኮምጣጣ። «ክሎሮ» ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፤ የውኃ ማከሚያው ክሎሪን ከዚያ ነው። «ኪን» የኛው ቅርፊት፤ በኬሚስቶቹ «ኩዊኖሊን» በኩል የመጣ፣ እሱም በ1842 ገርሃርት ከኩዊኒንና ከዘመዶቹ አንጥሮ ያገኘው። ውኃ፣ ኮምጣጣ፣ አረንጓዴ፣ ቅርፊት። ሃንስ አንደርሳግ በ1934 በጀርመን ክሎሮኪንን ሲሠራ በእርግጥ ወባን አስቦ ነው። ስሙ ውስጥ ግን ወባ የለችም፤ ወባን ያስገባናት እኛ ነን፣ በ«የ»። ከዚህ አንጻር አይቨርሜክቲን የባሰ ዕድል ደርሶታል፤ በመሃሉ ያለው «ቨርም» የላቲን ትል ነው። ኦሙራ ከጃፓን አፈር ያወጣውና ካምቤል ያበለጸገው ይህ መድኃኒት ከ1987 ጀምሮ በነጻ እየታደለ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጭምር፣ ስንቱን ከዓይነ ስውርነት አድኗል፤ ለሰዎቹም በ2015 የኖቤል ሽልማት አሰጥቷል። ሌላ ሥራ ሲሰጠው ግን ትሉን በስሙ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ሉፐስም በላቲን ተኩላ ነው። የመካከለኛው ዘመን ሐኪሞች ፊትን የሚበላውን ቁስል ተኩላ የነከሰው አስመስለው ጠሩት። የዛሬው ሕክምና የሚያውቀው ተኩላ ከውጭ አልመጣም፤ የሰውነት ጠባቂ ራሱ ነው ተኩላ የሆነው፣ ቤቱን ነው የሚነክሰው። ኩዊኒንን ለዚህ በሽታ የሞከረው የለንደኑ ፔይን በ1894 ነበር። ነገሩ የገፋው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በኩዊኒን እጥረት የተነሳ ወታደሮች ሜፓክሪን የሚባል ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ ፀረ ወባ ይሰጣቸው ነበር፤ ከመካከላቸው የቆዳ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም የነበረባቸው እየተሻላቸው ሄዱ። በ1951 ፍራንሲስ ፔጅ በላንሴት መጽሔት የሉፐስ ሕሙማንን በሜፓክሪን ማከሙን ጻፈ፤ በ1955 ሃይድሮክሲክሎሮኪን በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዛሬ የሉፐስ ሕክምና መሠረት ነው።

አንድ ክኒን ሁለት ጠላት የሚዋጋ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ልማዱ አንድ ነው። ይህ መድኃኒት ኮምጣጣ ቦታ ይወዳል። የወባ ተውሳክ የዋጠውን ደም የሚፈጭበት ኮምጣጣ ከረጢት አለው፤ መድኃኒቱ እዚያ ይከማችና ተውሳኩ የደሙን መርዛማ ተረፈ ምርት ማስወገድ እንዳይችል ያደርገዋል፤ ተውሳኩ በራሱ ምግብ ይመረዛል። የኛም የመከላከያ ሴሎች ያገኙትን ነገር የሚሰባብሩባቸው ኮምጣጣ ከረጢቶች አሏቸው፤ የጠላት ማስጠንቀቂያም ከእነሱ ይነሳል። መድኃኒቱ እዚያም ገብቶ ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል፣ ማስጠንቀቂያውም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ወባንም ሉፐስንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ኮምጣጣ ከረጢት ነው። ስም የሰጠነው እኛ ነን።

ስለዚህ ማንም የፈለገውን መድኃኒት ለፈለገው በሽታ ይዋጥ ማለቴ አይደለም፤ ሥራይ ሁለት ፊት አለው ያልኩት ለዚህ ነው። በ2020 ኮሮና ሲገባ ይኸው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያድናል ተብሎ በየአገሩ ተወራ። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በመጋቢት መጨረሻ ለአስቸኳይ አገልግሎት ፈቀደው፣ በሰኔ አጋማሽ መልሶ አነሳው። በእንግሊዝ ሪከቨሪ የተባለው ጥናት ከ4,700 በላይ የሆስፒታል ሕሙማንን አወዳድሮ ሞትን እንደማይቀንስ አረጋገጠ። በዚያ መሃል ክኒኑ ከመደርደሪያ ጠፋ፣ የሉፐስ ሕሙማንም መድኃኒታቸውን አጡ። አንድ ጊዜ «የወባ ነው» የምትለዋ ቃል ከአክስቴ የምትከለክለውን፣ ሌላ ጊዜ «የኮሮና ነው» የምትለዋ ቃል ከእሳቸው ትነጥቃለች። ነጋዴው ግን ወሬ አልያዘም ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት የተስተካከለ ምት ይዞ መጣ።

መድኃኒት ለሌላ በሽታ «ዋለ» እንላለን። «ዋለ» ቀኑን አሳለፈ ነው፣ ግእዙም «ወዐለ»። ከዚያው ግሥ ውሎ አለን፣ ውለታም አለን። መድኃኒት ለአንድ በሽታ ሲውል ቀኑን እዚያ ያሳልፋል፤ ለሌላ ሲውል ደግሞ ውለታ ይውላል። ለዚህ ነገር ከሳይንስ ቃላት ሁሉ ይህን ግሥ እመርጣለሁ፤ ባለቤት አያውቅም፣ ጊዜና ተግባር ብቻ ነው የሚያውቀው።

በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቱን ይዤ አክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ስሙን ቁራጭ ቁራጭ አድርጌ ፈታሁላቸው። ውኃ፣ ኮምጣጣ፣ አረንጓዴ፣ ቅርፊት። በጥሞና ሰሙኝ። «ቅርፊት ከሆነማ መድኃኒት ነው» አሉ። ሐኪሙም ደውለው፣ ቶሎ እንደማይሠራና ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ዓይናቸውን በየጊዜው መመርመር እንዳለባቸው ነገሯቸው። በዚያው ማታ ጀመሩ።

ከሦስት ወር በኋላ ቡና ሲያፈሉ ደረስኩ። ጀበናውን አንስተው ሲቀዱ እጃቸውን እያየሁ ነበር። ምሳ ከቀረበ በኋላ ወደ መደርደሪያው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ያቺን የጣቴን ክኒን አቀብለኝ እስቲ።»